ዓምድና ልኩ፦ ስለ ግሪክና ስለ ሮማ የዓምድ ሥርዓቶች

ሰው ቤት መሥራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ጣራውን የሚሸከምለት ነገር ማቆም ነበረበት። በቋንቋችን ይህ ተሸካሚ ከእንጨት ሲሆን ምሰሶ፣ ከድንጋይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ዓምድ ይባላል። ምሰሶ የሚቆርጥ ሰው ስለ እንጨቱ ጥንካሬና ስለ ቤቱ ከፍታ ያስባል እንጂ፣ ቁመቱ የውፍረቱ ስንት እጥፍ ሊሆን እንደሚገባው ሲከራከር አይሰማም። የጥንት ግሪኮች ግን፣ ከእነርሱም በኋላ ሮማውያንና የአውሮፓ ሊቃውንት፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲመራመሩና ሲሟገቱ ኖረዋል። አንድ ዓምድ ከግርጌው ወርድ ስንት እጥፍ ይቁም? ስድስት? ስምንት? ወይስ ዐሥር? ይህስ ልክ ከተፈጥሮ የተቀዳ ሕግ ነው ወይስ ዓይን የለመደው ልማድ? ጥያቄው የድንጋይ ጠራቢዎች ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን መልሱ «ተፈጥሮ ነው» ከተባለ፣ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ አንድ የሕንፃ ውበት ብቻ አለ፣ እርሱም በአቴናና በሮማ ተገኝቷል ማለት ይሆናል። «ልማድ ነው» ከተባለ ደግሞ የግሪክ ዓምድ የሌላውን ሕዝብ ሕንፃ የሚዳኝበት ሥልጣን አይኖረውም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ስሞችን ማስተዋወቅ ይገባል። የዓምድ መላ አካል በሦስት ይከፈላል፤ ከታች መቀመጫው፣ ከመካከል ግንዱ፣ ከላይ ጉልላቱ ናቸው። በጉልላቶቹ ላይ የሚጋደመው ድንጋይም እንዲሁ ሦስት ደርብ አለው፤ ተሸካሚው ወራጅ፣ ከእርሱ በላይ የጌጥ መደቡ፣ ከሁሉ በላይ ዝናብ የሚመልሰው ክፈፍ። ግሪኮች እነዚህን ክፍሎች የሚያያይዙበት ወግ ሦስት ዓይነት ነበረ። ዶሪካዊው ዓምድ መቀመጫ የለውም፤ ከወለሉ በቀጥታ ይነሣል። በግንዱ ላይ ብዙውን ጊዜ 20 ቦዮች ከላይ እስከ ታች ይፈለፈላሉ፤ ጉልላቱ ትራስ የመሰለ ክብ ድንጋይና በላዩ የተጫነ አራት ማዕዘን ጠፍጣፋ ብቻ ነው። ኢዮናዊው ቀጠን ይላል፤ መቀመጫ አለው፤ ቦዮቹ በአብዛኛው 24 ናቸው፤ ጉልላቱም እንደ ብራና ጥቅል በግራና በቀኝ ይጠቀለላል። ቆሮንቶሳዊው በጉልላቱ ይለያል፤ በአገራችን ኮሸሽላ ከሚባሉት ዕፅዋት ጋር ወገን የሆነው የአካንቱስ ቅጠል በደርብ በደርብ ተቀርጾበታል። ሮማውያን በእነዚህ ላይ ሁለት ጨመሩ፤ አንደኛው ከዶሪካዊው ይልቅ ጌጥ የጎደለው ቱስካናዊ፣ ሁለተኛው የኢዮናዊውን ጥቅልና የቆሮንቶሳዊውን ቅጠል ያዳበለ ድብልቅ ነው።

ስለ እነዚህ ሥርዓቶች ከጥንት ዘመን በሙሉነቱ የደረሰን የሕንፃ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። እርሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሮማዊው ቪትሩቪየስ በዐሥር ክፍል ጽፎ ለአውግስጦስ ቄሣር ያበረከተው ነው። ቪትሩቪየስ ትረካ ይወዳል። ዶሪካዊው ዓምድ እንዴት ልኩን እንዳገኘ ሲያስረዳ፣ የጥንት ሰዎች የወንድን የእግር ርዝመት ለክተው የቁመቱ አንድ ስድስተኛ ሆኖ ስላገኙት፣ ዓምዱንም ከግርጌ ወርዱ ስድስት እጥፍ አቆሙት ይላል። ኢዮናዊው በሴት አምሳል ሆኖ ስምንት እጥፍ ቆመ፤ ቦዮቹ የቀሚስ እጥፋት፣ ጥቅሎቹ የጠጉር ሹሩባ ናቸው። የቆሮንቶሳዊው ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ያሳዝናል። አንዲት የቆሮንቶስ ልጃገረድ ትሞትና ሞግዚቷ የምትወዳቸውን ዕቃዎች በቅርጫት አድርጋ፣ በጡብ ከድና ከመቃብሯ ላይ ታኖረዋለች። በበልግ ወራት ከቅርጫቱ ሥር የነበረው አካንቱስ አቆጥቁጦ ዙሪያውን ሲያለብሰው፣ በዚያ ያለፈው ቀራጺው ካሊማኮስ አይቶ ጉልላቱን በዚያ ሞዴል ሠራው ይባላል። ይህ የተዋበ ተረት ነው፤ ታሪክ ነው ብሎ የሚቀበለው ግን ዛሬ ብዙ የለም። ዕድሜው የሚታወቀው የመጀመሪያው ቆሮንቶሳዊ ጉልላት በአምስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መጨረሻ ገደማ በባሴ በተሠራው የአፖሎን መቅደስ ውስጥ የነበረው ነው።

ተረቱን ወደ ጎን ትተን ድንጋዮቹን ራሳቸውን ብንጠይቅ ሌላ ነገር ይነግሩናል። በኦሎምፒያ በ600 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አካባቢ የተሠራ የሄራ መቅደስ ፍራሽ አለ። ስድስት በዐሥራ ስድስት ሆነው ዙሪያውን ከከበቡት ዓምዶች መካከል አንዱ ከአንዱ የሚመሳሰል አይገኝም፤ ወርዳቸው ይለያያል፣ ጉልላቶቻቸው የተለያየ ዘመን ቅርጽ አላቸው። ምክንያቱን በሁለተኛው መቶ ዓመት ድኅረ ልደት አገሩን የጎበኘው ፓውሳንያስ ሳያስበው ነግሮናል፤ በኋለኛው ክፍል ካሉት ሁለት ዓምዶች አንዱ የባሉጥ እንጨት እንደ ነበረ ጽፏል። እንግዲህ መቅደሱ ሲሠራ ዓምዶቹ እንጨት ነበሩ፤ አንዱ ሲያረጅ በየዘመኑ ፋሽን በተጠረበ ድንጋይ ይተካ ነበር። በዚያ የቆመ ሰው የዶሪካዊውን ዓምድ የብዙ መቶ ዓመት ለውጥ በአንድ ቤት ዙሪያ ተሰልፎ ያያል።

ከእንጨት ወደ ድንጋይ የተደረገው ይህ ሽግግር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአክሱምን ታላላቅ ሐውልቶች ያየ ሁሉ፣ በአንድ ወጥ ድንጋይ ላይ የወለል ሠረገሎች፣ መስኮቶችና ከግድግዳው ብቅ ያሉ ክብ የእንጨት ጫፎች ተመስለው እንደ ተቀረጹ ያስታውሳል። «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት እነዚህ ጫፎች በእውነተኛው የእንጨትና የድንጋይ ቤት ውስጥ ግድግዳ ለማሰር ያገለግሉ ነበር፤ በሐውልቱ ላይ ግን የሚያስሩት ነገር የለም፤ ትዝታ ብቻ ናቸው። ቪትሩቪየስም ስለ ዶሪካዊው የጌጥ መደብ የሚለው ይህንኑ ነው። በዚያ መደብ ላይ ሦስት ሰንበር ያላቸው፣ ትሪግሊፍ የተባሉ ድንጋዮች በየርቀቱ ይሰለፋሉ፤ እርሱ እንደሚለው እነዚህ የጣራ ወራጆች ጫፍ ማስታወሻ ናቸው። ነገር ግን የግሪኩ ጉዳይ እንደ አክሱሙ የጠራ አይደለም። ትሪግሊፎቹ በመቅደሱ አራቱም ጎን በአንድ ከፍታ ይዞራሉ፤ እውነተኛ ወራጆች ግን ጫፋቸውን በአራቱም ጎን በአንድ መሥመር ሊያወጡ አይችሉም። የእንጨት ትዝታው አለ፤ ጠራቢው ግን ትዝታውን ወደ ጌጥ ለውጦ እንደ ፈቃዱ ተጠቅሞበታል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ። በቆሮንቶስ በ540 ቅድመ ልደት አካባቢ ከተሠራው የአፖሎን መቅደስ እስከ ዛሬ ሰባት ዓምዶች ቆመዋል። ግንዳቸው ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ሲሆን ቁመታቸው ከግርጌ ወርዳቸው ከአራት እጥፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በደቡብ ኢጣልያ በፔስቱም የቆመው፣ በ460 አካባቢ የተሠራው የሄራ መቅደስም ልኩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአቴና ከ447 እስከ 432 ቅድመ ልደት የተሠራው የፓርቴኖን ዓምድ ቁመቱ 10.43 ሜትር፣ የግርጌ ወርዱ 1.905 ሜትር ነው፤ ይህም አምስት እጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል። በ330 አካባቢ በኔሜያ የተሠራው የዜውስ መቅደስ ዓምድ ስድስት እጥፍ ከሲሶ ደረሰ። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ቪትሩቪየስ የመነሻ ልክ አድርጎ ያቀረበው ስድስት በእውነቱ የመድረሻ ልክ ነበር። ጠራቢዎቹ በአራት እጥፍ ጀምረው፣ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚችል በየትውልዱ እየተማሩ፣ ዓምዱን እያቀጠኑ ሄዱ። የወንድ እግር በእነዚያ ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ አላጠረም።

ፓርቴኖንን ሳንመለከት ማለፍ አይቻልም። የሕንፃው መሐንዲሶች ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ፣ የቅርጻ ቅርጹ አለቃ ፊዲያስ ነበሩ። በአጭር ጎኑ 8፣ በረጅሙ 17 ዓምዶች አሉት። የዓምዱ ግርጌ ወርድ ከአንዱ ዓምድ መካከል እስከ ሌላው መካከል ላለው ርቀት 4 ለ 9 ነው፤ የመቅደሱ ወለል ስፋት ለርዝመቱ 4 ለ 9 ነው፤ እስከ ክፈፉ ያለው ከፍታ ለስፋቱ አሁንም 4 ለ 9 ነው። (በብዙ መጻሕፍት ስለ ፓርቴኖን «ወርቃማ ምጣኔ» የሚነገረው ግን በጥንት ጽሑፍ ድጋፍ የለውም፤ የተስፋፋውም በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።) ይህን ያህል በቁጥር የተሳሰረ ሕንፃ መሥመሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ይመስላል፤ ሆኖም ቀጥ ያለ መሥመር የሚገኝበት ከስንት አንድ ነው። ወለሉ ከመካከሉ ያብጣል፤ በአጭሩ ጎን 6 ሳንቲሜትር፣ በረጅሙ 11 ሳንቲሜትር ያህል። ዓምዶቹ ወደ ውስጥ 7 ሳንቲሜትር ያህል ያዘነብላሉ። የማዕዘኑ ዓምዶች ከሌሎቹ 4 ሳንቲሜትር ያህል ይወፍራሉ። የእያንዳንዱም ግንድ ወደ ላይ ሲሄድ የሚቀጥነው በቀጥታ ሳይሆን ለዓይን እምብዛም በማይታይ እብጠት ነው።

ቪትሩቪየስ ወለሉ ከመካከል ከፍ ካላለ የጎደጎደ መስሎ ይታያል ሲል ጽፎ ነበር፤ ሊቃውንቱ ለብዙ ዘመን ያንን ቃል እያነበቡ ምን ማለቱ እንደሆነ ግራ ሲጋቡ ኖሩ። ነገሩ የተገለጠው በ1830ዎቹ ጥቂት ተመልካቾች የፓርቴኖን ደረጃ ጠመም ማለቱን ከተገነዘቡ በኋላ፣ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ፔንሮዝ በ1846 እና በ1847 ሕንፃውን በጥንቃቄ ለክቶ ውጤቱን በ1851 ባሳተመ ጊዜ ነው። ወለሉ ሲያብጥ በላዩ የሚቆመው ድንጋይ ሁሉ እንደየቦታው በጥቂቱ ልዩ ሆኖ መጠረብ አለበት፤ ዓምዱ ሲያዘነብል የታችኛው ድንጋዩ አንድ ጎን ከሌላው ይረዝማል። ስለዚህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቦታው ሊገባ የሚችል ድንጋይ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ የሊቀ ጠበብቱ አሳብ ብቻ ሳይሆን የብዙ ጠራቢዎች እጅም እንደሆነ መዘንጋት የለበትም።

ስለ እነዚያ እጆች ከፓርቴኖን አጠገብ ያለው ኤሬክቴዮን የተሻለ ምስክር ትቶልናል። ይህ ኢዮናዊ መቅደስ በአምስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ሲሠራ የሒሳቡ መዝገብ በድንጋይ ተጽፎ ስለ ነበር፣ ከእርሱ ብዙ ስብርባሪ ተገኝቷል። የምሥራቁን ዓምዶች ቦይ የፈለፈሉት ሰዎች በየዓምዱ ከአምስት እስከ ሰባት ሆነው ተመድበው ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ማንነታቸው ሊለይ ከቻለው 86 ሠራተኞች መካከል 24ቱ የአቴና ዜጎች፣ 42ቱ መጻተኞች፣ 20ዎቹ ባሮች ናቸው፤ የቀን ምንዳቸውም በአብዛኛው ለሁሉም አንድ ድራክማ ነበር። የባሪያው ድራክማ በማን ኪስ እንደሚገባ ግን መገመት አያዳግትም። ዓምዶቹ ከግርጌ ወርዳቸው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ይቆማሉ፤ ቪትሩቪየስ ለኢዮናዊው መነሻ ብሎ ከሰጠው ስምንት የሚያልፉ ናቸው።

ሮማውያን የግሪክን ዓምድ ወርሰው ሌላ ሥራ ሰጡት። በ80 ዓ.ም. በተመረቀው ኮሎሲየም ውስጥ ሸክሙን የሚይዙት ቅስቶችና ግንቦች ናቸው፤ ከግንቡ ላይ በግማሽ አካላቸው የተለጠፉት ዓምዶች፣ ከታች ዶሪካዊውን የመሰለው፣ ከመካከል ኢዮናዊው፣ ከላይ ቆሮንቶሳዊው፣ ዓይንን ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ለመምራት የተሰለፉ ናቸው። ዓምድ ተሸካሚነቱን ትቶ እንደ ሰዋስው የሆነው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። በኋላ የአውሮፓ ሊቃውንት የተማሩትም ይህንኑ ሰዋስው ነው።

ሰዋስው ደግሞ ደንብ ይፈልጋል። ኢጣልያዊው ሰርልዮ በ1537 አምስቱን ሥርዓቶች በአንድ መጽሐፍ አሰለፋቸው፤ ቪኞላ በ1562 ያሳተመው ግን ከሁሉ ይልቅ ተስፋፋ። ጽሑፉ ጥቂት፣ ሥዕሉ ብዙ ስለ ሆነ ከሊቁ እስከ ጠራቢው ሁሉ ሊጠቀምበት ቻለ። የእርሱ ደንብ በእውነቱ ምቹ ነበረ። የግርጌውን ወርድ እኩሌታ መለኪያ አድርገህ ያዝ፤ ቱስካናዊው 14፣ ዶሪካዊው 16፣ ኢዮናዊው 18፣ ቆሮንቶሳዊውና ድብልቁ 20 መለኪያ ይቁሙ። በዓምዱ ላይ የሚጋደመው የዓምዱ ሩብ፣ ከሥሩ የሚገባው መደብ የዓምዱ ሲሶ ይሁን። በቪኞላ ደንብ ያደገ ዓይን የፔስቱምን አራት እጥፍ ዓምድ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ጎተ ይነግረናል፤ በ1787 በዚያ ሲደርስ ወፋፍራሞቹ ዓምዶች በመጀመሪያ አስከፍተውት ነበር፤ በመካከላቸው ጥቂት ከተመላለሰ በኋላ ግን ታረቃቸው። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የተለወጠ ውበት የተፈጥሮ ሕግ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይህንኑ ነገር ከጎተ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በፓሪስ በግልጽ የተናገረ ሰው ነበር። ክሎድ ፔሮ በሙያው ሐኪም ነው፤ ቪትሩቪየስን ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ በ1673 ያሳተመው እርሱ ነው፤ ዓምዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለቆሙት ለሉቭር ቤተ መንግሥት የምሥራቅ ገጽታም ድርሻ ነበረው። ተቃዋሚው ፍራንሷ ብሎንዴል በ1671 የተቋቋመው የንጉሡ የሕንፃ አካዳሚ መሪ ነበር። ብሎንዴል የሕንፃ ልክ እንደ ዜማ ነው፤ ተስማሚ ድምፅ በቁጥር እንደሚታሰር የሚያምር ልክም በቁጥር የተወሰነ ነው ይል ነበር። በዚህ መካከል አንቷን ደጎዴ የተባለ ወጣት የሮማን ፍርስራሾች በትክክል እንዲለካ ከንጉሡ መንግሥት ተላከ። በመንገድ መርከባቸው በባሕር ወንበዴዎች ተይዛ በአልጄር 16 ወር ከታሰረ በኋላ ሮማ ደርሶ ለካ፤ በ1682ም ሥራውን አሳተመ። የተገኘው ውጤት አስደንጋጭ ነበር፤ የሮማ ሕንፃዎች ልክ ታላላቆቹ መምህራን በመጻሕፍታቸው ካሰፈሩት አይገጥምም፤ እርስ በርሱም አይገጥምም።

ፔሮ በ1683 ባሳተመው መጽሐፉ ከዚህ ተነሣ። የበገና አውታር በጥቂቱ ቢላላ ጆሮ ወዲያው ያውቃል፤ የዓምድ ልክ ግን በብዙ ቢለያይም ዓይን አይቀየምም፤ እነሆ ልካቸው የማይገናኝ ሕንፃዎች ሁሉ እኩል ሲወደሱ ኖረዋል። ስለዚህ ውበት ሁለት ዓይነት ነው አለ። አንደኛው ማንም ሊክደው የማይችለው ነው፤ የድንጋዩ ክብር፣ የሕንፃው ግዝፈት፣ የአሠራሩ ጥራት፣ የግራና የቀኙ መመሳሰል። ሁለተኛው በልማድ የሚገኝ ነው፤ እንደ ቤተ መንግሥት ሰዎች አለባበስ፣ ከተከበሩ ነገሮች ጋር አብሮ ስለ ታየ የተወደደ። የዓምድ ልክ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ሆኖም ፔሮ ልማድን ንቆ አልጣለም፤ ሥራ ያለ ስምምነት አይሄድም ብሎ፣ የቀደሙትን ልዩነቶች አማክሎ፣ ከግርጌው ወርድ ሲሶ በሆነ መለኪያ 22፣ 24፣ 26፣ 28 እና 30 እያለ አምስቱን ዓምዶች አሰለፈ። በኔ አስተያየት ፔሮ ስለ ልኩ ልክ ነበር፤ ስለ ዓይን ግን ፓርቴኖንን ያየ ሰው ከእርሱ ጋር አይስማማም። 69 ሜትር ተኩል ርዝመት ባለው ጎን ላይ 11 ሳንቲሜትር ለማስነሣት ያን ሁሉ ድንጋይ በልዩ በልዩ ያስጠረቡ ሰዎች፣ ዓይን ጥቂቷን ነገር አይሰማትም ብለው አላመኑም።

የጥንቶቹ ራሳቸው እንዴት ይሠሩ እንደ ነበር በዘመናችን የተገኙ ሁለት ነገሮች ያሳያሉ። በዛሬዋ ቱርክ በዲዲማ ያለው የአፖሎን መቅደስ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራ ቆይቶ ሳይጨረስ ቀርቷል። ግድግዳው የመጨረሻውን ልስላሴ ስላላገኘ፣ በላዩ በቀጭን የተጫሩ የሥራ ንድፎች አልጠፉም፤ እነዚህንም በ1979 ጀርመናዊው ሎታር ሃዝልበርገር አገኛቸው። ከእነርሱ አንዱ የዓምድ ንድፍ ነው፤ ወርዱ በእውነተኛ ልኩ ተሥሎ፣ ቁመቱ ግን አንዱ ጫማ በአንድ ጣት እየተተካ ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ዝቅ ብሏል። በዚህ ዘዴ ግንዱ የሚያብጥበት ቅስት በአንድ የክብ መሥመር ይሣላል፤ ጠራቢው በየከፍታው ወርዱን ከግድግዳው ላይ በቀጥታ ለክቶ ይወስዳል። መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ የሰውን እግርም አይለካም።

ሁለተኛው የሮማው ፓንቴዮን ነው። እንግሊዛዊው ማርክ ዊልሰን ጆንስ ብዙ የሮማ ቆሮንቶሳዊ ዓምዶችን መርምሮ በ1989 እንዳመለከተው፣ ሮማውያን አጥብቀው የያዙት የቁመትና የግርጌ ወርድ ልክ ሳይሆን የመላው ዓምድና የግንዱ ቁመት ልክ ነው፤ እርሱም 6 ለ 5 ነው። ምክንያቱ ወደ ድንጋይ ማውጫው ይመራል። ግንዱ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የሚወጣ፣ በሙሉ ቁጥር 20፣ 30፣ 40 ወይም 50 የሮማ ጫማ ተብሎ የሚታዘዝ ነበርና፣ ግንዱ 40 ከሆነ መላው ዓምድ 48፣ ግንዱ 50 ከሆነ መላው 60 ይሆናል። በ126 ዓ.ም. አካባቢ የተፈጸመው ፓንቴዮን በደጀ ሰላሙ ላይ ያቆማቸው ከግብፅ የመጡ ግንዶች ባለ 40 ጫማ ናቸው። ነገር ግን ከደጀ ሰላሙ በስተኋላ ባለው ግንብ ላይ፣ አሁን ካለው ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር በላይ፣ የሌላ ከፍ ያለ ግንባር ክፈፍ ተሠርቶ ይታያል። በ1987 ሦስት ተመራማሪዎች ለዚህ ያቀረቡት ማብራሪያ፣ መጀመሪያ የታሰበው ባለ 50 ጫማ ግንድ ነበር፤ ሳይገኝ ወይም ሳይደርስ ስለ ቀረ በ40 ተተካ፤ ከዚያም ዓምዱ በዚያው በ6 ለ 5 ልክ ከ60 ወደ 48 ጫማ ዝቅ ሲል ደጀ ሰላሙ አብሮት ወረደ የሚል ነው። በአደባባዩ ቆሞ ቀና የሚል ሰው ሁለቱን ግንባሮች፣ የተሠራውንና የታሰበውን፣ እስከ ዛሬ አንዱን ከአንዱ በላይ ያያል።